ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ኮምፒውቲንግን ከአርክቴክቸር ጋር ያጋባው ማስተርስ

ቀድሜ ነጥቡን ልንገራችሁ፦ ከ10 7። በሦስተኛው ወር ብትጠይቁኝ ኖሮ 3 እል ነበር፣ የመመረቂያ ሥራዬን ያቀረብኩ ዕለት ደግሞ 9። አሁን ስሜቱ በርዷል። 7 ይገባዋል።

የማወራው ኮምፒውቲንግን ከአርክቴክቸርና ከቨርቹዋል ቦታ ዲዛይን ጋር አጣምሮ ስለሚያስተምር የማስተርስ ፕሮግራም ነው። ስሙ በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፣ አጥንቱ ግን አንድ ነው። ኮድ መጻፍ ትማራላችሁ፣ ቦታን መለካት ትማራላችሁ፣ ከዚያ ሰው ገብቶ የሚንሸራሸርበት ግን የሌለ ቦታ ትሠራላችሁ። የኔው የአንድ ዓመት ነበር። የት እንደተማርኩ አልጽፍም፤ ላማርር ነው የመጣሁት፣ ስም ሳልጠራ ባማርር ይሻለኛል። ደግሞ ሌላ ቦታ ከተማሩ ሰዎች ጋር ሳወራ የምሰማው ቅሬታ ከኔ ብዙም አይለይም። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እውነቱን ለመናገር የገባሁት ሄድሴቱን፣ ያን ዓይን ላይ የሚደረገውን የቨርቹዋል ቦታ ማሳያ፣ አይቼ ነው። የአርክቴክቸር ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት ቢሮ ስሠራ ሥራዬ ደረጃና መጸዳጃ ቤት መሳል ነበር። ዲዛይኑ የሌላ ሰው፣ ድካሙ የኔ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሄድሴት አድርጎ፣ መሠረቱ እንኳን ገና ያልተቆፈረ ቤቱ ውስጥ ሲዞር አየሁ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ውጭ ለማየት አንገቱን አሰገገ። የሌለ መስኮት! በዚያው ሳምንት ማመልከቻ መሙላት ጀመርኩ።

ገባሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሄድሴት የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። በምትኩ ባዶ ስክሪን ላይ በኮድ ክብ መሳል። ከዚያ መቶ ክብ መሳል። ከዚያ መቶዎቹ ክቦች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ማድረግ። ከአርክቴክቸር የመጣነው ተነጫነጭን፤ አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ለአስተማሪያችን «ይሄን እኮ በእርሳስ በሁለት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ» ቢላቸው «እሺ፣ እንግዲያው አሥር ሺህ አድርጋቸው» አሉት። ዝም አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። እኛ ጥምጥማችንን ሄድሴት አድርገን፣ ጠምጥመን ፎቶ ተነስተን ለመሄድ ነበር የመጣነው።

የኮዱ ትምህርት ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። የጀመርነው በፕሮሰሲንግ ነው። ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ እያሉ የጀመሩት፣ ለአርቲስትና ለዲዛይነር ታስቦ የተሠራ፣ ነጻ የኮድ መጻፊያ። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ወዲያው አንድ ነገር ስክሪኑ ላይ ይታያል። በዓይኑ ለሚያስብ ሰው ይህ ብቻውን ግማሽ መንገድ ነው። ፓይተንና ሲ ሻርፕ ወደሚባሉት የኮድ ቋንቋዎች የተሻገርነው በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ የት እንደጎደለች ስፈልግ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ባልቆጥር ይሻላል።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ወፎቹ ጋ ደረስን። ክሬግ ሬይኖልድስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያመጣው ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ ወፍ ሦስት ደንብ ብቻ አለው፦ ከጎረቤትህ አትጋጭ፣ ጎረቤቶችህ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ሂድ፣ ከመንጋው አትራቅ። መሪ የለም፣ ካርታ የለም። ኮዱን ስታስነሱት ግን ስክሪኑ ላይ መንጋ ይበራል። እኔ ወፎቹን ሰው አደረግኳቸው (ሰው ስል ነጥብ) እና ቢሮ እያለሁ በገዛ እጄ የሳልኩትን የአንድ ክሊኒክ ኮሪደር ከሥራቸው አነጠፍኩ። 300 ነጥብ በአንድ በር ለቀቅኩ። ኮሪደሩ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ልክ መመዝገቢያው ፊት ለፊት፣ ነጥቦቹ ተከማቹ። ከዚህ የሚመጣው ከዚያ ከሚመጣው ጋር ተላተመ፤ ማን ይለፍ፣ ማን ይቁም። ፕላኑ ጸድቆ፣ ተፈርሞበት፣ ተሠርቶ ያለቀ ፕላን ነው! የመታጠፊያውን ሹል ማዕዘን በሰያፍ ቆረጥኩትና እንደገና ለቀቅኳቸው። ፈሰሱ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ሐፍረት።

ለኔ የዓመቱ ምርጥ ኮርስ ግን ስፔስ ሲንታክስ ነበር። ስለዚህኛው ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም የፕሮግራሞቹ ብሮሹር ላይ በአንድ መስመር ታልፎ ሄድሴት ያደረገ ተማሪ ፎቶ ነው ገጹን የሚሞላው። ለንደን፣ ዩሲኤል የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ቢል ሂሊየርና ጁሊየን ሃንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያበጁት ዘዴ ነው። ሕንፃው ያምራል ወይስ አያምርም ብሎ አይጠይቅም። የቱ ክፍል ከየቱ ጋር ይገናኛል፣ ለመድረስ ስንት በር ይታለፋል፣ እሱን ነው የሚቆጥረው። ከውጭ በር ተነሱና እያንዳንዱ ክፍል በስንተኛው በር እንደሚገኝ ወረቀት ላይ እንደ ዛፍ ሳሉት። በስፋትም በቅርጽም ቁርጥ አንድ የሆኑ ሁለት ቤቶች፣ በሮቻቸው ሌላ ሌላ ቦታ ስለተከፈቱ ብቻ፣ ዛፋቸው ሰማይና ምድር ይሆናል። በአንደኛው ሳሎኑ ቤተሰቡ ሁሉ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። በሌላው ሳሎኑ ከመጨረሻው በር ጀርባ የተደበቀ ጓዳ ነው። አምስት ዓመት አርክቴክቸር ስማር ይህን እንዲህ ቆጥሮ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። «ስሜቱ ጥሩ ነው»፣ «ፍሰቱ ጥሩ ነው» እንባባል ነበር። ፍሰት ምን ማለት ነው? እጃችንን በአየር ላይ እናወዛውዛለን።

ከዚያ ወደ እይታ ተሻገርን። አንድ ነጥብ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ስትመለከቱ የሚታያችሁ ቦታ በሙሉ አንድ ቅርጽ አለው፤ ማይክል ቤኔዲክት በ1979 ስለዚህ ጽፏል። በ2001 ደግሞ አላስደር ተርነርና ባልደረቦቹ ወለሉን በሙሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው፣ የትኛው ካሬ የትኛውን እንደሚያይ በኮምፒውተር ማስላትን አመጡ። ውጤቱ ባለቀለም ካርታ ነው። ቀዩ ከሁሉም ጋር የተሳሰረ፣ ሰማያዊው የተገለለ። የዲፓርትመንታችንን ላይብረሪ ፕላን አስገባሁና አየሁት። ከዚያ አንዷን በር፣ አንዷን ብቻ፣ ሦስት ሜትር ወደ ግራ አንቀሳቀስኳት። ሰማያዊ የነበረው የንባብ ጥግ ብርቱካናማ ሆነ። ጸጥታው ሄደ ማለት ነው፣ ሦስት ሜትር ናት!

ግን አስተማሪዋ ብልህ ነበሩ። ካርታውን ይዘን ስንፈነድቅ «ጥሩ፣ አሁን ሄዳችሁ ሰው ቁጠሩ» አሉን። ሁለት ቀን ላይብረሪ ውስጥ እንደ ዘበኛ ቆመን ማን የት እንደሚያልፍ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በወረቀት መዘገብን። አብዛኛው ከካርታው ጋር ገጠመ። አንድ ጥግ ግን ደማቅ ቀይ ሆኖ ሳለ ዝር የሚልበት ሰው አልነበረም። ለምን? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ዓይን ውስጥ ነው የምትጠልቀው። ፕሮግራሙ ስለ ፀሐይ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ሞዴልን ማመንና አለማመንን የተማርኩት ከዚያች ወንበር ነው።

ስለ ኦፕቲማይዜሽን ኮርስ፣ ማለትም የተሻለውን ዲዛይን ኮምፒውተር እንዲፈልግ ስለሚያስተምረው፣ ብዙ አልልም። ጀነቲክ አልጎሪዝም ነው፤ ብዙ ዲዛይን በዘፈቀደ ይፈለፈላል፣ የተሻሉት ይዳቀላሉ፣ የባሱት ይጣላሉ፣ እንደገና። የኔን ክፍሎች «በመካከላቸው የሚኬደው መንገድ ድምሩ አጭር ይሁን» ብዬ አዘዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት መልሱን ሰጠኝ፦ 14ቱንም ክፍሎች አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቦ አንድ ነጥብ ላይ አስቀምጧቸዋል። የሚኬደው መንገድ ዜሮ። ልክ ነው እኮ! ክፍሎች መደራረብ የለባቸውም ብዬ አልጻፍኩም። «አሁን ኮዱን ኤአይ ይጽፍልኝ የለ፣ ምን አስለፋኝ» ለሚሉኝ ሰዎች የምነግራቸው ይህችን ታሪክ ነው። ኮዱማ ያን ቀንም ስህተት አልነበረበትም።

እዚያው ኮርስ ውስጥ የወደድኩት አንድ ነገር የጋውዲ ክር ነው። የስፔኑ አርክቴክት ጋውዲ ለኮሎኒያ ጉዌል ቤተ ክርስቲያን ክር ከላይ አንጠልጥሎ፣ በክሩ ላይ ትንንሽ የክብደት ከረጢቶች አስሮ፣ ክሩ በራሱ የሚይዘውን ቅርጽ ገልብጦ ቅስት አድርጎ ነበር ያነበበው። ኮምፒውተር የለም፤ ስበት ራሱ ነው ያሰላለት። እኛ ያንኑ ራይኖና ግራስሆፐር በሚባሉ የዲዛይን ሶፍትዌሮች አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አደረግነው፣ ቀጥሎ ግን አስተማሪው እውነተኛ ክርና ብሎን አመጡና በእጃችን አሠሩን። የእጁ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የማስታውሰው የእጁን ነው።

እሺ፣ ሄድሴቱስ? በመጨረሻ በአራተኛው ወር ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ራይኖ ላይ የሠራሁትን ኮሪደር ዩኒቲ ወደሚባለው የጌምና የቨርቹዋል ቦታ መሥሪያ ሶፍትዌር አስገባሁ፣ ሄድሴቱን አደረግኩ፣ አበራሁ። ግራጫ። ወደ ግራ ዞርኩ፣ ግራጫ። ወደ ላይ አየሁ፣ ግራጫ። ግማሽ ቀን ከታገልኩ በኋላ ነው የገባኝ፦ እኔ የሳልኩት በሚሊሜትር ነው፣ ዩኒቲ የሚያስበው በሜትር ነው፣ ቁጥሩ እንዳለ ገብቷል። 2100 ሚሊሜትር የነበረው በሬ 2100 ሜትር የሚረዝም ተራራ ሆኗል፣ እኔ ደግሞ ግርጌው ላይ እንደ ጉንዳን ቆሜያለሁ። እሱን ሳስተካክል ሕንፃው በጎኑ ተኛ፣ ምክንያቱም ራይኖ ላይ «ወደ ላይ» የምታመለክተው መስመር ዜድ ናት፣ ዩኒቲ ላይ ዋይ። ይህን የሚነግር አንድ ገጽ ወረቀት ማንም አላዘጋጀም። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ እዚያችው ጉድጓድ ውስጥ ወደቅን። ከ10 ላይ አንዷን ነጥብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ካለፈ በኋላ ግን የቨርቹዋሉ ክፍል በጥያቄ የተሞላ ነው። ለምሳሌ ርቀት። ሰው በሄድሴት ውስጥ ርቀትን አሳጥሮ የመገመት ዝንባሌ አለው፤ በ2013 የወጣ የብዙ ጥናቶች ቅኝት አማካዩን 74 በመቶ ገደማ ያደርገዋል። 10 ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ 7 ሜትር ተኩል ላይ ያለ ይመስለዋል ማለት ነው። በአዲሶቹ ሄድሴቶች ስህተቱ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። አሁን ያን አንገቱን ያሰገገ ደንበኛ አስቡት። «ሳሎኑ ጠበበኝ፣ አስፉት» ብሎ ቢሆንስ? ሳሎኑ አልጠበበም ነበር ይሆናል። ቢሮ ተቀምጠን ስንቱን ግድግዳ በሄድሴት ግምት እንደገፋነው እንጃ።

ደግሞ አካሄድ አለ። ሻሪፍ ራዛክና ባልደረቦቹ በ2001 ያመጡት ዘዴ አለ፦ ሰውየው ቀጥ ብሎ የሚሄድ እየመሰለው፣ ፕሮግራሙ ሥዕሉን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ በክብ ያስኬደዋል፣ እናም ትንሽ ክፍል ውስጥ ማለቂያ የሌለው ኮሪደር ይሄዳል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የመመረቂያ ሥራዬ ይህ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ በ2010 የወጣውን የእነ ፍራንክ ስታይኒከን ጥናት አነበብኩ፤ ሰው እንዳይነቃ የክቡ ሬዲየስ ከ22 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ክቡ ዳር እስከ ዳር 44 ሜትር መሆኑ ነው። የኛ ላብራቶሪ 6 በ5 ሜትር ነበር፣ ያውም ግማሹን ወንበር ይዞታል። አማካሪዬ ፈገግ ብለው «ሌላ ርዕስ እንፈልግ» አሉኝ።

ሌላው ርዕስ የኮርኒስ ከፍታ ሆነ። አንድ ክፍል፣ ሦስት የኮርኒስ ከፍታ፣ ሰዎች ገብተው ስፋቱን ይገምታሉ። ቀላል ይመስላል፤ ክፍሉ በሰከንድ 90 ጊዜ መሳል አለበት፣ ማለትም ለአንድ ሥዕል ያላችሁ ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣ ተሳታፊው ያቅለሸልሸዋል፣ ጥናቱም እዚያው ያበቃል። ያን የሚያምር ጥላና ነጸብራቅ ሁሉ አንድ በአንድ አራገፍኩት። መጨረሻ ላይ የቀረው ነጭ ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ ነው። አንዷ ተሳታፊ አምስት ደቂቃ ከቆየች በኋላ ስልኳ ጠራ፣ ዘጋችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የቱ ጠረጴዛ ላይ? የሌለው ጠረጴዛ ላይ። ጧ! ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ሁለታችንም ደነገጥን፣ ከዚያ እሷ እንደ እብድ ሳቀች። የስልኩን ማሠሪያ ወጪ ተካፈልን። የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ በቁጥር ማስገባት ያልቻልኩት ምርጡ ውጤቴ ይህ ነው፤ ጥላ እንኳን የሌለው ጠረጴዛ ሰው ስልኩን አምኖ አስቀመጠበት።

አሁን ወደ ምሬቱ። ትልቁ ችግር ሥራችንን የሚገመግሙት ዳኞች፣ ጁሪ የሚባሉት፣ ናቸው። ጁሪ ስትቀርቡ አርክቴክቱ «ሕንፃው የት አለ?» ይላል፣ የኮምፒውተር ሰውየው «አልጎሪዝሙ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ መሀል የቆማችሁት እናንተ ግን ከሁለት ያጣ ትሆናላችሁ። በምን መስፈርት እንደምንመዘን ጥርት ባለ ቋንቋ የተነገረን ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ሁለተኛው፣ የተማሪው ቅልቅል። ግማሹ ኮድ አይቶ አያውቅም፣ ግማሹ ሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል) ምን እንደሆነ አያውቅም። ጥሩ ሲሆን እርስ በርስ ትማማራላችሁ። መጥፎ ሲሆን የቡድን ሥራ ላይ ኮድ የሚችለው ልጅ ሁሉንም ይጽፋል፣ ሌሎቻችን ፖስተር እናሳምራለን። ሦስተኛ፣ ዕቃ። ለ26 ተማሪ 4 ሄድሴት። የማስረከቢያው ሳምንት ላይ ወረፋው ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ ነበር፣ ደግሞ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ሆኖ እሱ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። ይህን ያህል ክፍያ ተቀብሎ ትርፍ ቁልፍ ማስቀረጽ የሚያቅት ነገር አይመስለኝም።

ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሶፍትዌር ለመማር ብቻ አትግቡ። ግራስሆፐርንም ዩኒቲንም ቤት ቁጭ ብሎ ከቪዲዮ መማር ይቻላል፣ በነጻ። የሚከፈልበት ነገር «ሂድና ቁጠር» የሚል ሰው ነው። ስለ ቦታ አንድ የሚቆጠቁጣችሁ ጥያቄ ካላችሁ ግቡ። ፕሮግራሞቹም አንድ ዓይነት አይደሉም፦ ጀርመን፣ ስቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ያለው ወደ ሮቦትና ወደ ግንባታ ቁስ ያደላል፣ ዩሲኤል የስፔስ ሲንታክስ አገር ነው፣ ኤምአይቲ የዲዛይንና የኮምፒውቴሽን ሐሳብን ከሥሩ መመርመር ይወዳል። ኢቫን ሰዘርላንድ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ በብርሃን እስክሪብቶ የሚሳልበትን ፕሮግራም በ1963 የመመረቂያ ሥራው ያደረገውም እዚያው ኤምአይቲ ነው። እሱው ሰው በ1968 ከኮርኒስ የተንጠለጠለ፣ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ የእይታ መሣሪያ ሠርቷል። መጀመሪያ መስመሩ፣ ቀጥሎ ጥምጥሙ። እሱም በቅደም ተከተል ነው የሄደው።

ቬክተርና ማትሪክስ ከመግባታችሁ በፊት ከልሱ፤ ሲጀመር የሚጠብቃችሁ የለም። ላፕቶፕ ስትገዙ ግራፊክስ ካርዱ ላይ አትሰስቱ፣ ውፍረቱን እርሱት። ለቅበላ ክፍሉ ኢሜይል ስትጽፉ ደግሞ ስለ ራዕያቸው አትጠይቋቸው። ለስንት ተማሪ ስንት ሄድሴት እንዳለ፣ ጁሪው ላይ ማን እንደሚቀመጥና የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚያድር ጠይቋቸው።